የነፍስ መልሕቅ፦ የአንድ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም



ቃል ከተወለደበት ሙያ ወጥቶ በሕዝብ አፍ ሲዘዋወር ብዙ ወዳጅ ያፈራል፤ ከጥንተ ትርጉሙ ግን ጥቂቱን በመንገድ ያንጠባጥባል። ከእርሻ፣ ከሽመናና ከጦር ሜዳ ወጥተው የዕለት ንግግራችን የሆኑ ቃላት ይህ ደርሶባቸዋል። በዚህ እትም ልንመለከተው ያሰብነው ቃል ከባሕር የመጣ ነው፤ ይኸውም «መልሕቅ» ነው። ምክንያታችን የቋንቋ ጉጉት ብቻ አይደለም። ቅዱስ መጽሐፍ ተስፋን ከነፍስ መልሕቅ ጋር ስለሚያመሳስል፣ መልሕቅ ምን እንደ ሆነ በትክክል ያልተረዳ ሰው ተስፋ ምን እንደ ሆነም አሳስቶ ሊረዳ ይችላል። ተስፋን አሳስቶ የተረዳ ደግሞ፣ ማዕበል በመጣ ጊዜ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ቃሉ በእኛ ዘንድ

«መልሕቅ» ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው። መርከብ በነፋስና በሞገድ እንዳይወሰድ፣ በገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባሕሩ ወለል የሚጣለውን መያዣ ያመለክታል። በአዱሊስ ወደብ መርከቦች ይገቡና ይወጡ በነበረበት በአክሱም ዘመን ዕቃው ለባሕር ዳር ሰዎች እንግዳ አልነበረም። ለደገኛው ሕዝባችን ግን መልሕቅ በዐይን ከሚታይ ዕቃነቱ ይልቅ በመጽሐፍ የሚነበብ ቃል ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ደግሞ አገራችን የባሕር በር የላትምና፣ ከወጣቶቻችን አብዛኞቹ መልሕቅን የሚያውቁት በሥዕል ነው።

ሆኖም ቃሉ በዘመናዊው አነጋገር ገብቶ ተለምዷል። አንድ ሰው ከብዙ መዞር በኋላ በአንድ ከተማ ኑሮውን ሲመሠርት፣ ነጋዴ በአንድ ገበያ ሲጸና፣ ተጫዋች ከክለብ ወደ ክለብ ሲዘዋወር ቆይቶ በአንዱ ሲረጋ «በዚያ መልሕቁን ጣለ» ይባላል። በዚህ አገባቡ ቃሉ የሚናገረው ስለ መርጋት፣ ስለ ዕረፍትና ስለ ጉዞ ፍጻሜ ነው። አገባቡ ስሕተት አይደለም፤ መርከብ ወደብ ስትደርስ መልሕቅ ትጥላለችና። ነገር ግን መልሕቅ የሚያገለግለው በወደብ ብቻ አይደለም፤ እጅግ የሚያስፈልገውም በወደብ ሳይሆን ነፋስ መርከቢቱን ወደ ዐለት በሚገፋበት ሌሊት ነው።

አበው ጽናትን በምሳሌ ሲገልጹ ምሳሌያቸውን ከቤትና ከድንኳን ነበር የሚወስዱት። ቤተ ሰቡን የያዘውን ሰው «ምሰሶ» ይሉታል፤ አንድን ማኅበር ያጸኑትን «ዋልታና ማገር» ይሏቸዋል፤ ድንኳን በነፋስ እንዳይወሰድ የሚይዘው ካስማም ለጽናት ምሳሌ ይሆናል። እነዚህ ያማሩ ምሳሌዎች ናቸው። ከመልሕቅ የሚለያቸው ግን አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ምሰሶ መሠረቱ በምድር ላይ ላለ ቤት ነው፤ ካስማም በደረቅ መሬት ለተተከለ ድንኳን ነው። መልሕቅ ግን ከእግሩ በታች መቆሚያ ለሌለው ሰው ነው። ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ተስፋ ለመናገር በዚህ ስፍራ ይህን ምሳሌ መምረጡን ልብ ልንለው ይገባናል።

መልሕቅ በመርከበኞች ዘንድ

በጥንት ዘመን መልሕቅ ተብሎ የሚያገለግለው የተበሳና ገመድ የገባበት ትልቅ ድንጋይ ነበር። በኋላ ግሪካውያንና ሮማውያን ከእንጨት የተሠሩ፣ በእርሳስ የከበዱ፣ ጫፋቸው የተቆለመመ መልሕቆችን ሠሩ፤ የብረት መልሕቅም ተከተለ። ግሪኮች «አንኪራ» ሲሉት ከመቆልመም ሐሳብ ተነሥተው ነው፤ ሮማውያንም «አንኮራ» ብለው ከእነርሱ ወሰዱት። የተለመደው መልሕቅ ቀጥ ያለ ዘንግ አለው፤ ከታች ሁለት የተቆለመሙ ክንዶች፣ ከላይ አግዳሚና ገመድ የሚታሰርበት ቀለበት አሉት። መርከበኞች ስለ እርሱ የሚያውቋቸው አራት ነገሮች ለትምህርታችን ይጠቅማሉ።

በመጀመሪያ፣ እንዲህ ያለው መልሕቅ መርከብን የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ዋናው ኃይሉ ክንዱ በአሸዋው ወይም በጭቃው ውስጥ ሰርስሮ በመግባቱ ነው። አግዳሚው ዘንጉን ያጋድመዋል፤ መርከቢቱ ስትጎትት አንዱ ክንድ ወደ ታች እየጠለቀ ይሄዳል። እንግዲህ በደህና መሬት የተያዘ መልሕቅ ነፋስ ሲበረታበት ይበልጥ ሊጠልቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ገመዱ ከውኃው ጥልቀት እጅግ የረዘመ መሆን አለበት። መርከበኞች በልማድ የጥልቀቱን ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ያህል ገመድ ይለቃሉ። ገመዱ ካጠረ ወደ ላይ ይስባልና መልሕቁን ይነቅለዋል፤ ከረዘመ ግን ወደ ጎን ስለሚስብ ያጠልቀዋል።

ሦስተኛ፣ መልሕቅ የጣለች መርከብ እንደ ቤት ጸጥ ብላ አትቆምም። ትነሣለች፣ ትወርዳለች፣ በገመዷ ርዝመት ወዲያና ወዲህ ትዞራለች። ከፊት በኩል ከታሰረች ደግሞ ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች፤ ጎኗን ለሞገዱ ሰጥታ ከመገልበጥ የምትድነው በዚህ ነው። መልሕቅ ባሕሩን ጸጥ አያሰኝም፤ መርከቢቱ ባሕሩን ፊት ለፊት እንድትገጥም ያደርጋታል።

አራተኛ፣ መልሕቅ ለማቆም ብቻ ሳይሆን ለመሄድም ያገለግላል። ነፋስ በጠፋ ጊዜ ወይም መርከብ በአሸዋ ላይ በተያዘች ጊዜ፣ መርከበኞች ትንሽ መልሕቅ በጀልባ ጭነው ወደ ፊት ይወስዱና ይጥሉታል፤ ከዚያም ከመርከቢቱ ሆነው ገመዱን እየሳቡ መርከቢቱን መልሕቁ ወዳለበት ያስጠጓታል።

ከአራቱም በፊት የሚቀድም፣ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው አንድ እውነት አለ፤ መልሕቅ የሚይዘው ከመርከቢቱ ውጭ ያለን ነገር ነው። የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ከመርከቡ ወለል ላይ የተቀመጠ መልሕቅ መርከቢቱን አያጸናም፤ እንዲያውም ሸክም ይጨምርባታል።

ወደ መጋረጃው ውስጥ የገባ መልሕቅ

ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት የተላከላቸው ክርስቲያኖች በእምነታቸው ምክንያት ብዙ የተቀበሉ ነበሩ። ንብረታቸው ተዘርፏል (ዕብ. 10፥34)፤ አሁን ግን እጃቸው ዝሏል፣ ጉልበታቸው ላልቷል (ዕብ. 12፥12)። የመልእክቱ ጸሐፊ ገና ከመጀመሪያው የሚያስጠነቅቃቸው ሳያስተውሉ ቀስ በቀስ እንዳይወሰዱ ነው (ዕብ. 2፥1)። በዚያ ስፍራ የተጠቀመበት የግሪክ ግስ ከሚፈስስ ነገር ጋር አብሮ ተንሸራትቶ ማለፍን ያመለክታል። ይህን ማስተዋል ይገባል። መልሕቅ የሌላት ጀልባ ከስፍራዋ የምትርቀው በማዕበል ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ባሕሩ ጸጥ ባለበት፣ ተሳፋሪው በተኛበት ሰዓትም ትርቃለች። እምነቱን በአንድ ቀን የሚክድ ሰው ጥቂት ነው፤ ከእሑድ ወደ እሑድ፣ ከጾም ወደ ጾም እየተንሸራተተ የሚርቀው ግን ብዙ ነው።

ጸሐፊው በምዕራፍ 6 አብርሃምን ያነሣል። እግዚአብሔር ለአብርሃም ተስፋ ሰጠው፤ ተስፋውንም በመሐላ አጸናለት። የማይለወጡ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የእግዚአብሔር የተስፋ ቃልና መሐላው፣ ለመማጸን ለሸሸን ለእኛ ብርቱ መጽናኛ ሆኑ። ከዚህ ቀጥሎ ነው ይህ ተስፋ የጸናና የታመነ የነፍስ መልሕቅ መሆኑን፣ ወደ መጋረጃውም ውስጥ መግባቱን፣ በዚያም ኢየሱስ ስለ እኛ ቀዳሚ ሆኖ መግባቱን የሚናገረው (ዕብ. 6፥19-20)።

መርከበኛ ይህን ቢሰማ ይደነቃል። መልሕቅ ወደ ታች ይጣላል፤ ይህኛው ግን ወደ ላይ፣ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል። በኦሪት ሥርዓት ከመጋረጃው በስተ ኋላ የሚገባው ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነበር፤ እርሱም በዓመት አንድ ጊዜ፣ በማስተሰረያ ቀን (ዘሌ. 16፤ ዕብ. 9፥7)። አሁን ግን ሊቀ ካህናታችን ክርስቶስ ገብቷል፤ የገባውም «ቀዳሚ» ሆኖ ነው። ቀዳሚ ያለ ተከታይ አይባልምና፣ ይህ ቃል እኛም ወደዚያ እንደምንገባ ያመለክታል። ስለዚህ የክርስቲያን መልሕቅ ባለንበት እንድንቀር የሚያስረን አይደለም። አስቀድሞ ወደ ፊት ተወስዶ እንደሚጣለው መልሕቅ፣ ገመዱን በያዝን መጠን ወደ እርሱ የሚስበን ነው።

በግእዝ ሥርዓት በምንቀድስባቸው አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ይህን በዐይናቸው የሚመለከቱት ምልክት አላቸው። በመቅደሱ ፊት መጋረጃ አለ፤ በቅዳሴ ጊዜ ይዘጋል፣ ይከፈታልም። በተዘጋ ጊዜ ሕዝቡ ውስጡን አያይም፤ ቢሆንም ከውስጥ የሚሰማውን ጸሎት እየተቀበለ ይመልሳል። ያልታየውን ይዞ መቆም ይህን ይመስላል። መልሕቅም እንዲሁ ነው፤ መያዙን ገመዱ ይነግረናል እንጂ ራሱ በውኃው ሥር ሆኖ አይታይም።

የጥንት ክርስቲያኖች ምልክት

በሮም ከተማ ዙሪያ ባሉት የምድር ውስጥ መቃብሮች፣ ማለትም በካታኮምቦች፣ በተለይ በ2ኛውና በ3ኛው ምዕተ ዓመት በተሠሩት የመቃብር ድንጋዮች ላይ መልሕቅ ተቀርጾ ይገኛል። በቅድስት ጵርስቅላ ስም በሚጠራው ካታኮምብ ውስጥ ምልክቱ በብዛት ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ብቻውን፣ አንዳንድ ጊዜ ከዓሣ ጋር፣ ሌላ ጊዜም ለሟቹ ሰላምን ከሚመኝ አጭር ጽሑፍ ጎን ይሣላል። ዘንጉና አግዳሚው ሲገናኙ የመስቀል ቅርጽ ስለሚሠሩ፣ መስቀልን በግልጥ መሣል ባልተለመደበት ዘመን መልሕቁ መስቀልንም ያስታውስ ነበር። የእስክንድርያው ቀሌምንጦስም በ2ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ክርስቲያኖች በማኅተም ቀለበታቸው ላይ ሊቀርጹ የሚገባቸውን ምልክቶች ሲዘረዝር፣ ከርግብ፣ ከዓሣ፣ ከመርከብና ከበገና ጋር መልሕቅን ጠቅሷል።

ከዚሁ ምልክት ጋር ስሙ የሚያያዝ ሌላ ቀሌምንጦስ አለ፤ እርሱም የሮም ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ቀሌምንጦስ ነው። ትውፊት እንደሚለው በንጉሥ ትራያኖስ ዘመን መልሕቅ በአንገቱ ታስሮ ወደ ጥቁር ባሕር ተጣለ። ታሪኩ በኋላ ዘመን የተጻፈ ነው፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን በሥዕሎቿ ቅዱሱን ከመልሕቅ ጋር መሣሏን አላቋረጠችም። አሳዳጆች ለማስጠሚያነት ያዘጋጁት ብረት በምእመናን ዐይን የተስፋ ምልክት ሆኖ ተገኘ።

ይህን ምልክት እነማን በምን ስፍራ እንደ ቀረጹት እናስብ። የቀረጹት ልጃቸውን፣ ሚስታቸውን፣ ባላቸውን በቀበሩበት ድንጋይ ላይ ነበር። መልሕቅ ለእነርሱ የተመቻቸ ኑሮ ምልክት አልነበረም። የሚወዱት ሰው ከዐይናቸው በተሰወረበት ስፍራ፣ ገመዱ አልተበጠሰም ብለው የተናገሩበት ነበር።

በዘመናችንም ይህ ምሳሌ እንደ ገና ተነሥቷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2024 የ2025ን ኢዮቤልዩ ባወጁበት «ተስፋ አያሳፍርም» በተባለው ደብዳቤ ስለ ነፍስ መልሕቅ አስተምረዋል። በኢዮቤልዩው ዓርማ ላይም ከአራቱ የምድር ማዕዘናት የመጡ አራት ሰዎች ተቃቅፈው ይታያሉ፤ ፊተኛው መስቀሉን ይዟል፤ ከሥራቸው ሞገድ አለ፤ የመስቀሉም የታችኛው ጫፍ ረዝሞ መልሕቅ ሆኗል።

አራቱ መልሕቆች

በሐዲስ ኪዳን መልሕቅ በምሳሌነት ሳይሆን በእውነተኛ ዕቃነቱ የሚገኝበት ምዕራፍ የሐዋርያት ሥራ 27 ነው። ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ፣ 276 ሰዎች የተሳፈሩባት መርከብ በብርቱ ነፋስ ተያዘች። በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ ወደ ምድር የቀረቡ መሰላቸው፤ ጥልቀቱን ቢለኩት ሃያ የሰው ቁመት፣ ጥቂት አልፈው ቢለኩት ዐሥራ አምስት ሆነ። ከዐለት ጋር እንዳይጋጩ ስለ ፈሩ ከመርከቡ በስተ ኋላ አራት መልሕቆች ጥለው ቀኑ እንዲነጋ ተመኙ።

በዚያ ሌሊት የተፈጸሙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ መርከበኞቹ ከፊት በኩል መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ጀልባይቱን ወደ ባሕር አወረዱ፤ አሳባቸው ግን ሕዝቡን ትተው ለመሸሽ ነበር። ጳውሎስ ይህን ለመቶ አለቃው ገለጠ፤ ወታደሮቹም የጀልባይቱን ገመድ ቆረጡ። እንግዲህ ስለ መልሕቅ እየተናገሩ መሸሽ ይቻላል። ለሌላው ተስፋን እየሰበከ ለራሱ ማምለጫ የሚያዘጋጅ ካህን፣ መምህር ወይም ወላጅ ከእነዚህ መርከበኞች አይለይም። ተስፋን የሚያስተምር ሰው ከሚያስተምራቸው ጋር በመርከቡ ውስጥ መቆየት አለበት።

ሁለተኛው፣ ሊነጋ ሲል ጳውሎስ ሁሉም እንዲበሉ ለመናቸው፤ በሁሉም ፊት እንጀራ ይዞ እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ቆርሶም ይበላ ጀመር፤ እነርሱም ተጽናንተው በሉ። ማዕበሉ ገና አልቆመም ነበር። ተስፋ ያለው ሰው እስኪነጋ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ ይበላል፣ ሌላውን ያበላል፣ ለነገው ድካም ይዘጋጃል።

ሦስተኛው፣ በነጋ ጊዜ መልሕቆቹን ፈትተው በባሕር ተዉአቸው፤ ወደ ዳርቻውም አቀኑ። መርከቢቱ ተሰበረች፤ ከሰዎቹ ግን አንድ ስንኳ አልጠፋም፤ ሁሉም ወደ ማልታ ደሴት ደረሱ። መልሕቁ ለሌሊቱ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ራሱ ለሮም ሰዎች ሲጽፍ የሚታየው ነገር ተስፋ እንደማይባል አስተምሯል (ሮሜ 8፥24)። ፊት ለፊት በምናይበት ቀን መልሕቅ አያስፈልገንም፤ እስከዚያ ድረስ ግን ያለ እርሱ አንድ ሌሊት አናልፍም።

መጣልና መቁረጥ

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። የአማርኛ ተናጋሪ ስለ ተስፋ ሲናገር ሁለት ግሶች አሉት። «ተስፋውን በልጁ ላይ ጣለ»፣ «ተስፋዬን በእግዚአብሔር ላይ ጥያለሁ» ይላል። ተስፋው ሲጠፋም «ተስፋ ቆረጠ» ይላል። መልሕቅ ይጣላል፤ ገመድ ይቆረጣል። አበው ይህን ሲናገሩ ባሕርን ያስቡ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ሁለቱ ግሶች ግን የዕብራውያንን መልእክት ምሳሌ ለሕዝባችን ለማስረዳት እጅግ ይመቻሉ። በዕብራይስጥም «ቲቅዋ» የሚለው ቃል ተስፋ ማለት ሲሆን ፈትል ወይም ገመድ ማለትም ነው፤ ረዓብ በመስኮቷ ያንጠለጠለችውና ከነቤተ ሰቧ የዳነችበት ቀይ ፈትል የተጠራው በዚሁ ቃል ነው (ኢያ. 2፥18)።

ከሁለቱ ግሶች ሁለት ትምህርቶች እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ተስፋ የሚጣልበት ስፍራ ሁሉ አንድ አይደለም። መልሕቅ በልል ደለል ላይ ቢጣል ይንሸራተታል። በወንድም ገንዘብ፣ በዕድል ወይም በባለሥልጣን ወዳጅነት ላይ ብቻ የተጣለ ተስፋ የተጣለበት ነገር ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሁለተኛው፣ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው መልሕቁን አላጠፋም፤ የቆረጠው ገመዱን ነው። የእግዚአብሔር ታማኝነት በእኛ ድካም አይለወጥም፤ መልሕቁ ባለበት አለ። ስለዚህ ተስፋ ለቆረጠ ሰው የሚያስፈልገው አዲስ መልሕቅ መፈለግ ሳይሆን ገመዱን እንደ ገና ማያያዝ ነው። ምሥጢረ ንስሐ ለዚህ ተሰጥቶናል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በተስፋ ላይ የሚፈጸሙ ኃጢአቶች ሁለት መሆናቸውን ያስተምራል፤ እነርሱም ተስፋ መቁረጥና ያለ ልክ መታመን ናቸው (ቁጥር 2091-2092)። ተስፋ የሚቆርጥ ገመዱን ይቆርጣል። ያለ ልክ የሚታመን ደግሞ በራሱ ኃይል እድናለሁ ሲል መልሕቁን በመርከቡ ወለል ላይ አስቀምጦ የታሰረ ይመስለዋል፤ ወይም ሳይመለስና ሳይጸጸት የእግዚአብሔር ምሕረት ይበቃኛል ሲል ጎኑን ለሞገዱ ሰጥቶ ይተኛል።

ይህ ትምህርት በቁምስናዎቻችን

ለእኛ ባሕር ምሳሌ ብቻ አይደለም። በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ብዙ ወጣቶች ጠፍተዋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2013 በጣልያን ላምፔዱዛ ደሴት አቅራቢያ በሰጠመችው ጀልባ ብቻ ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ከጎረቤታችን ከኤርትራ የተነሡ ነበሩ። ከምእመናን መካከልም ስልክ እስኪደወል የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ለእነዚህ እናቶች፣ ለመሄድ ለሚያስቡትም ልጆች ስለ ተስፋ ስንናገር ቃላችንን ልንመዝን ይገባናል።

ደላላውም ስለ ተስፋ ይናገራል። ተስፋ ብሎ የሚሸጠው ግን ምኞት ነው። ምኞት የሚፈልገውን ነገር ብቻ ያያል፤ ተስፋ ግን ቃል የገባውን አካል ታማኝነት ይመረምራል። ወጣቱን «ተስፋህ ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ተስፋህን የጣልኸው በማን ላይ ነው? እርሱስ ስለ አንተ ምን ከፍሏል?» ብለን ልንጠይቀው ይገባል። ክርስቶስ ስለ እኛ ሕይወቱን ከፍሏል፤ ደላላው ግን አስከፍሎ በዳር ይቀራል። ይህን ስንል ተስፋ ማለት ከአገር አለመውጣት ነው ማለታችን አይደለም፤ አብርሃምም ተስፋን ተቀብሎ ከአገሩ ወጥቷል። በአገሩ የሚቆየውም፣ የሚሄደውም መልሕቅ ያስፈልገዋል።

ኀዘን በገባበት ቤትም «ተስፋ አትቁረጪ» ብሎ ተናግሮ መሄድ አይበቃም። ይህ ቃል ብቻውን ሲነገር፣ በውኃ ውስጥ ላለ ሰው ገመድ ሳይወረውሩ «አትስጠም» ብሎ መጮኽን ይመስላል። ማዕበሉ ነገ ይቆማል ብለን ልንምል አንችልም፤ እግዚአብሔርም እንዲህ ብለን እንድንምል አላዘዘንም። ልናደርገው የምንችለው ገመዱን ማስያዝ ነው፤ ይኸውም ከኀዘንተኛው ጋር መጸለይ፣ በሰባቱ ቀን ብቻ ሳይሆን ከአርባው በኋላም መጠየቅ፣ መሥራት ላልቻለው መሥራት፣ ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዲመለስ መንገዱን ማቅናት ነው።

ገመድ ከአንድ ክር አይሠራም። ብዙ ክሮች ተገምደው ነው የሚጸኑት፤ መጽሐፈ መክብብም በሦስት የተገመደ ገመድ ፈጥኖ እንደማይበጠስ ይናገራል (መክ. 4፥12)። የእኛም ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ብቻውን መጸለይ ያቃተውን ሰው የማኅበሩ ጸሎት ይይዘዋል። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣራውን ነድለው ወደ ጌታ እንዳወረዱት (ማር. 2፥3-4)፣ ለደከመው ወንድማችን የእኛ ተስፋ ገመድ ሊሆንለት ይችላል። ገመዱም ረጅም መሆን አለበት፤ ይህም ትዕግሥት ነው። ጸሎታችን በሦስት ቀን ካልተመለሰ የምንነቀል ከሆነ፣ የለቀቅነው ገመድ አጭር ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ «መልሕቁን ጣለ» የሚለውን አባባል ስንሰማ፣ በተመቸው ስፍራ ያረፈውን ሰው ብቻ አናስብ። ሕመሟ ሳይሻላት ዘወትር ለቅዳሴ የምትመጣውን እናት፣ ሥራ አጥቶ ሳለ በሐሰት መንገድ ያልገባውን ወጣት፣ ልጁን ቀብሮ ጸሎቱን ያልተወውን አባት እናስብ። እነዚህ ሁሉ በሞገድ ላይ ናቸው፤ ይነሣሉ፣ ይወርዳሉም። ነገር ግን አልተወሰዱም። መልሕቃቸው ከመጋረጃው ውስጥ ገብቷልና።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን «ተስፋ» የሚለው ቃል በየትኞቹ አነጋገሮች ይገባል? ከእነዚህ ምኞትን ብቻ የሚያመለክቱት የትኞቹ ናቸው?

2. ዕብ. 6፥13-20ን አንብቡ። የተስፋችን ጽናት በእኛ ብርታት ላይ ሳይሆን በምን ላይ ተመሥርቷል?

3. የሐዋ. 27፥27-44ን አንብቡ። መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ሊሸሹ ያሰቡትን መርከበኞች የምንመስለው መቼ ነው?

4. በቁምስናችን ገመዱ የቀጠነበት ቤተ ሰብ አለን? ስሙን በጉባኤ ሳንጠራ፣ በዚህ ሳምንት ምን ልናደርግለት እንችላለን?

የተስፋ አምላክ በማመናችን ደስታንና ሰላምን ይሙላብን። የባሕር ኮከብ የተባለች እመቤታችን ማርያምም በጸሎቷ ወደ ልጇ ትምራን። አሜን።